ሊቀ ጌጅ ሣህሉ እና የመኪናዬ ትንፋሽ

መለኪያ ይዞ የሚዞር ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባበታለሁ። ያለ ግን አይመስለኝም። አንዱ ሰፈር የጎረቤቱን አጥር ሁሉ በሜትር ካልለካሁ የሚል ጡረተኛ ግንበኛ አለ፤ ሌላው ሰፈር ያገኘውን ሰው ክንድ ይዞ ደም ግፊት የሚለካ። ለእኛ ለዓባይ ማዶዎች የደረሱን ጋሽ ሣህሉ ናቸው።

ጋሽ ሣህሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ፊት ቆመው የእንፋሎት ግፊት ሲያነቡ ኖሩና ጡረታ ወጡ። ፋብሪካው ሸኛቸው እንጂ እሳቸው ፋብሪካውን አልሸኙትም። ዛሬም ኪሳቸው ውስጥ የግፊት መለኪያ ጌጅ አለ። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ትልቅ ቦይለር ይመስላቸዋል፤ እሳቸው ካላዩት የሚፈነዳ። ሙሉ ማዕረጋቸው «ሊቀ ጌጅ ሣህሉ» ነው፤ ፊት ለፊታቸው ግን እንዲያ ብሎ ሊጠራቸው የሚደፍር የለም።

ባጃጅ ከመሳፈራቸው በፊት ጎማ ይለካሉ። ካልተስማማቸው፣ ሌላው ተሳፋሪ እያጉረመረመ፣ ሾፌሩን ነፋስ ያስሞሉታል። ባለፈው ዓመት ወደ ደሴት ገዳም ልንሻገር ስንል ደግሞ የጀልባውን ባለቤት ኢድሪስን አስቁመው፣ ከውኃው በላይ የቀረውን የጀልባ ጎን በስንዝር ለኩ።

«ሁለት ስንዝር ካልሞላ አልሳፈርም» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔኮ ከአባቴ ጋር ጀልባ ስሠራ ነው ያደግሁ» አላቸው ኢድሪስ።

«አባትህን አከብራለሁ። ቁጥሩ ምን አለ?»

ሁለት ሰው ወረደ። አንዱ እኔ ነበርሁ።

«ቁጥሩ ምን አለ?» የማይገባበት ነገር የለም። ልጄን አተኮሰው ስትላቸው ቁጥሩ ምን አለ፤ ዘንድሮ ዝናቡ በረታ ስትላቸው ቁጥሩ ምን አለ። ሰው እንዴት አደሩ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ይሳቀቃል።

እንግዲህ የእኔን ጉድ ስሙ። አሸዋ የምታመላልስ አሮጌ ባለ ቱርቦ ናፍጣ መኪና አለችኝ። ክንዱ የሚባል ሾፌር አራት ዓመት ነድቷታል። ክረምቱ ሲገባ አቅም አጣች። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ሞተሯ ይግላል፣ ጋሪ ይቀድማታል። ጋራዥ ያሉት «ቱርቦው ነው» አሉ፤ ተፈትቶ ታየ፣ ደህና ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ጥፋተኛ ስላጣሁ ክንዱን ያዝሁት። «እግርህ ከባድ ነው፣ ሞተሩን ገደልኸው። ሰኞ ቁልፉን አስረክብ» አልሁት። ሁለት ልጆች አሉት፤ ሚስቱ ሦስተኛውን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ግን አልተከራከረኝም። «እንዳሉ፣ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ከመኪናዬ ሥር ሁለት ጫማ ወጥቶ አየሁ። ጫማው የሊቀ ጌጅ ነው። ክንዱ ቁጢጥ ብሎ መፍቻ ያቀብላቸዋል።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሰው ከመባረሩ በፊት መኪናው ይለካል» አሉ ከሥር።

«ቱርቦው ታይቷል እኮ!»

«ቱርቦ አየር ያስገባል። የገባው እንዴት እንደሚወጣ ማን አየ? አፍና አፍንጫህን ይዤ ዳገት ውጣ ብልህ ትወጣለህ?»

ከቱርቦው ቀጥሎ ካለው የጭስ ቱቦ ላይ አንዲት ቡሎን ፈትተው አጭር የመዳብ ቧንቧ ገጠሙ። በዚያ ላይ ረጅም የጎማ ቱቦ ቀጥለው በመስኮት አስገቡና ጌጁን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሞተሩ ተነሣ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ይኸው፣ ምንም የለባትም» አልሁ።

«ቆሞ የሚለካ መኪና ይዋሻል። ወደ ቤዛዊት ዳገት!»

የትናንቱ አሸዋ ገና አልተራገፈም። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣበን፣ ቱቦው ጉልበቴን እየፋቀኝ፣ ወጣን። ዳገቱ መሀል ላይ «ርገጥ!» አሉ። ክንዱ ረገጠ። መርፌዋ ጋሽ ሣህሉ በጌጁ መስተዋት ላይ ያሰመሯትን ቀይ መስመር አልፋ ሄደች።

«ጤነኛ ብትሆን ከዚህ በታች ነበረች» አሉ። «ጭሱ መውጫ አጥቶ ሞተሩን እያፈነው ነው። ማርሚታው፣ የጭሱ ድምፅ ማፈኛ፣ ተደፍኗል።»

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን እትዬ የብርጓል «ልጄ፣ ጠዋት ኪዳነ ምሕረት ስሳለም የምሰማው ቅዳሴውን ሳይሆን ያንተን መኪና ነው» ብለውኝ ነበር። አፈርሁ። ክንዱ በሌለበት ቀን በያጅ ዘንድ ወስጄ ማርሚታው አፍ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ አስበየድሁበት። ድምጿ ለዘበ፤ እትዬ የብርጓልም መረቁኝ። ለማንም አልነገርሁም፤ እኔም ረሳሁት።

ዳገቱ ራስ ላይ ቆምን። ጋሽ ሣህሉ ማርሚታው እስኪበርድ ጠብቀው ፈቱትና በባትሪ ወደ ውስጥ አዩ። ጥላሸት የደፈነው ላሜራ፣ ዙሪያውን የቅርብ ጊዜ ብየዳ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ገብቷቸዋል። የሰፈሩን ጉድ ሁሉ በአደባባይ የሚያውጁ ሰው ናቸውና አለቀልኝ አልሁ።

«ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም» አሉ። ከዚያ ዝም።

ክንዱ እሳቸውን ያያል፣ እኔን ያያል። ጋሽ ሣህሉ ቁጭ ብለው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና እንዲህ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። ዝምታው ለእኔ የተተወልኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ክንዱ» አልሁ። «ላሜራውን ያስበየድሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉን አታስረክብም። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጋሼ» አለና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። በእጅጌው ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ጋሽ ሣህሉ ያላዩ መስለው መሮና መዶሻ አነሡ። ላሜራውን ቀጥቅጠው አወጡትና ማርሚታውን መልሰው ገጠሙት። እኚህን አድካሚ ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው እዚያው ዳገት ላይ፣ ጥላሸት እንደተቀቡ፣ አወቅሁት። ልነግራቸው አሰብሁና አፈርሁ።

«ጋሽ ሣህሉ» አልኋቸው በምትኩ፣ «እባክዎ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ይለኩልን።»