ጋሽ ጸጥታ ኩሽናዬን ሲወርሱ

በየቤቱ አንድ ጸጥታ አስከባሪ አይጠፋም። ማንኪያ ሲወድቅ የሚበረግግ፣ ሳቅ ሲሰማ ግንባሩን የሚቋጥር፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሕፃኑን ራሱን የሚገላምጥ። ለእኔ የደረሰኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ገና አዝዬው ሳለሁ እንኳ ሳንጎራጉርለት ያለቅስ ነበር። ድምፅሽ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ጠባዩ ነው እላለሁ።

አድጎ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ሌላ የት ይገባል? ኋላም በዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ሙያ አስተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ በፊቱ “መምህር”፣ በሌለበት “ጋሽ ጸጥታ” ይሉታል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርግና፣ “መጽሐፍ ጆሮ አለው!” ይላቸዋል።

ወረርሽኙ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ ክቡርነታቸው ከነኮምፒውተራቸው ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ሰፈሩ። ኔትወርኩ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ድስት መክደንም፣ ቧንቧ መክፈትም፣ ማስነጠስም በፈቃድ ሆነ። ማስነጠሱስ ያን ጊዜ ለማንም አልተፈቀደም።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ሲለኝ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። ከላይ ከረባት፣ ከታች የቤት ሱሪ አድርጎ ተቀመጠ። “ሁላችሁም ማይክ ዝጉ!” ብሎ አዘዘ፤ አርአያ ልሁን ብሎ የራሱንም ዘጋ። ከዚያ ስለ መጻሕፍት አመዳደብ እጁን እያወናጨፈ አስተማረ፣ አስተማረ። ሲጨርስ ፊቱ በርቷል።

“እትዬ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ትንፍሽ ያለ የለም!”

ለካ የራሱን ማይክ መልሶ አልከፈተም። ልጆቹ “መምህር፣ አይሰማም” እያሉ ሲጽፉለት ኖረዋል።

እየዋለ ሲያድር ተማሪው ሳሳ። አንዱ መብራት ሄደብኝ ይላል፣ ሌላዋ ኔትወርክ። የቀሩትም ጥቁር መስኮት ላይ የተለጠፈ ስም ብቻ ሆኑ። “ገባችሁ?” ቢል መልስ የለም። በመጨረሻ የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ደወለች።

“መምህር፣ ሐሙስ ገብቼ አያለሁ። ተማሪዎቹ ካልተሳተፉ ኮርሱን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው።”

ያን ቀን ምሳውን አልነካም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ማስተማሩን ከወሰዱበት ምን ሊቀረው?

ሐሙስ ጠዋት ጓሮ ልብስ አስጥቼ ስመለስ ድስቴ ይንተከተካል። ጨው ልጨምር ቁም ሳጥኑን ብከፍት፣ ዕቃዎቼ በሙሉ ቁጥር ተለጥፎባቸው እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ስለተቆለፈበት ምደባን በእኔ ዕቃ ሊያስተምር ኖሯል። ኮምፒውተሩ መከፈቱን ማን ልብ ብሎ!

“አንተ! ጨዉን የት አባህ ደበቅከው?”

“እትዬ፣ ኃላፊዋ ገብታ እየሰማች ነው…” አለ በሹክሹክታ።

“ኃላፊዋ ጨው ትሰጠኛለች? ድስቱ ሊያርርብኝ ነው!”

“ጨው ማዕድን ነው። ታች፣ ከባትሪ ድንጋዩ ጋር።”

“ከባትሪ ድንጋይ ጋር? ስሙ ‘ድንጋይ’ ስለሆነ ነው?”

በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ በሳቅ ፈነዳ። ጥቁሮቹ መስኮቶች አንድ በአንድ ፊት አወጡ።

“መምህር፣ እትዬ ልክ ናቸው! ዕቃ በሚፈለግበት ቦታ ነው መቀመጥ ያለበት!” አለች አንዷ።

“ዝም በይ አንቺ፤ እንዲያማ ከሆነ ሁሉም ነገር ምድጃ ስር ሊከመር ነው!” አላት አንዱ።

ጫጫታው ቤቱን ሞላው። የወንድሜ ጣት ወደ ከንፈሩ ተነሳ፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና አገጩን አከከበት።

“ልጆች፣” አለ፣ “አንባቢ ማለት ይህች ናት። ቁጥራችንን አታውቅም፣ ቸኩላለች፣ ተቆጥታለች። ምን ብለን እናስተናግዳት?”

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ይጠይቃቸዋል፣ ይከራከሩታል፣ ይረታቸዋል፣ ይረቱታል። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል የተውኩት እሱን ለማሳደግ ነው፤ እንዲህ ሲያስተምር ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ድስቱ አረረ። ይረር።

ኃላፊዋ ስትወጣ፣ “ኮርሱ የእርስዎ ነው መምህር፤ እትዬ ግን እንዳይቀሩ” አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ የክት ቀሚሴን ለብሼ፣ ማንም ሳይጠራኝ ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

“እሺ እትዬ፣ ዛሬስ ምን ጠፋብሽ?”

ምንም አልጠፋብኝም። ቢሆንም ልጆቹ እየጠበቁ ነው። እጄን ከጠረጴዛው ስር አድርጌ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩትን መነጽሬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና፣

“መነጽሬ” አልኩት።