የጋሽ ሳሙኤል ቤት ጠባቂ

የሞተ ሰው ዕቃ የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ሰፈር በኢትዮጵያ ምድር የለም። ቀብር ተፈጽሞ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ ወንበር ተቆጥሮ ከተመለሰ በኋላ ከጓዳ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ «ይቺን እንዳትነኩ» ይላል። ያ ድምፅ የጠባቂው ነው። አንዳንዱ የሟችን ባርኔጣ ከሚስማሩ ሳያወርድ ሃያ ዓመት ያኖራል። አንዳንዷ የባሏን ጫማ በየሳምንቱ ቀለም ትቀባለች። እነዚህ ግን ገና ጀማሪዎች ናቸው። የሙያው ሊቀ ሊቃውንት ጎረቤቴ ጋሽ ግዛቸው ሲሆኑ፣ እሳቸው የሚጠብቁት አንድ ሙሉ ቤት ነው።

ቤቱ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ አስፋልት ዳር ያለ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ባለቤቱ ጋዜጠኛ ሳሙኤል ሌዳሞ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሐዋሳ ጽፈዋል፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ዓሣ ገበያው፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ አንዴም ቄራው በር ላይ ቆሞ እንደ ግብር ሰብሳቢ ድርሻውን ስለሚጠብቅ አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ። ባጃጅ ከተማውን ሳይወርስ፣ ሁላችንም በብስክሌት በምንሄድበት ዘመን፣ የእሳቸው ጽሑፍ የወጣበት ጋዜጣ ጠዋት ተገዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ማታ እንደ ጨርቅ ለስልሶ ይመለስ ነበር። እኔም ብዕር ያነሳሁት እሳቸውን አንብቤ ነው። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ጋዜጣውም፣ ብስክሌቱም፣ «የዛሬውን አነበብከው?» ብሎ መንገድ ላይ የሚያስቆም ሰውም ይናፍቀኛል።

ጋሽ ሳሙኤል ያረፉት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ነበር። አንዲት ልጃቸው ሩሀማ አዳማ ባንክ ቤት ስለምትሠራ፣ ቁልፉን ለጋሽ ግዛቸው ሰጥታ «እስክመለስ አየት ያድርጉልኝ» ብላ ሄደች። ይህን ለሌላ ሰው ብትል ኖሮ በሳምንት አንዴ መስኮት ይከፍትላት ነበር።

ጋሽ ግዛቸው ግን ከደብረ ብርሃን በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ያልተመዘገበ ነገር ገና አልተፈጠረም። ቁልፉን በተቀበሉ በሳምንቱ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቁጥር ተለጠፈበት። ዕቃ ቁጥር ሰባት፣ ጃንጥላ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ። ዕቃ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ሳሙና፣ ግማሽ። ዕቃ ቁጥር ሃያ ሦስት፣ የግድግዳ ካላንደር፣ ያለፈበት።

ነገሩን ያባባሰችው የእህታቸው ልጅ ሊዲያ ናት። ለትምህርት ቻይና ሄዳ ሳለ፣ አንድ ስመ ጥር የቻይና ጋዜጠኛ ይኖርበት የነበረና እንደነበረ የተጠበቀ ቤት ጎብኝታ ፎቶውን ላከችላቸው። ፎቶው ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ወንበር አለ፣ ሰው እንዳይቀመጥ ደግሞ ወንበሩ ላይ ቀይ ገመድ ተወጥሯል። ጋሽ ግዛቸው ፎቶውን አሳጥበው፣ በመስታወት አስገብተው መግቢያው ላይ ሰቀሉት። ቀይ ገመድ ስላላገኙ በሲባጎ አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአፋቸው ከቻይና ሌላ አገር ጠፋ። በሩን ጮክ አድርገህ ከዘጋህ፣ «ቻይና ቢሆን ይሄኔ ተቀጥተሃል» ይሉሃል። ካስነጠስክ፣ «ቻይና ቢሆን ውጭ ወጥተህ ነው።»

ጉብኝቱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የጎብኚ መዝገብ ላይ ትፈርማለህ። ከዚያ ጫማህን ትጠርጋለህ፣ እጅህን ወደ ኋላ ታጣምራለህ። ከዚያ ክቡር ጠባቂው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እዚህ ጋ ቆም እንበል» ብለው ይጀምራሉ፤ ከጀመሩ ደግሞ መብራት ኃይልም አያቆማቸው። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ «አባቴ፣ ቆጣሪው የት ነው?» ቢላቸው፣ «በጉብኝቱ ሦስተኛው ክፍል ላይ እንደርስበታለን» አሉት። ምስኪኑ ፈርሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ጃንጥላውንም ሳሙናውንም አይቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆጣሪው ጋ ደረሰ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ መንገድ የጠፋው አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ እያመለከተ ይጠይቃል። ጋሽ ግዛቸው ክንዱን ይዘው አስገቡት፤ ከፎቶው ፊት አቆሙትና የራሱን አገር ቤት በአማርኛ አስጎበኙት። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ እስከ መጨረሻው አንገቱን ነቀነቀ። መዝገቡ ላይ «የቻይና ልዑክ፣ አንድ» ተብሎ ገብቷል።

እኔም አልቀረልኝም። አንዴ ደክሞኝ የያዝኩትን ጋዜጣ ያቺ ሲባጎ የተወጠረባት ወንበር ላይ ባስቀምጥ፣ በማግስቱ ቁጥርና ቀን ያለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በቤቴ በር ሥር ገባልኝ። ግልባጩ ለራሳቸው ነው። ከወንበሯ ጋር ቀልድ የለም። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ «ክቡር ጋዜጠኛው በዚህ ወንበር ተቀምጠው፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ እነዚያን ጽሑፎች ጻፉ» ይላሉ። አሥራ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ መሳቁን እተወዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ግን ሩሀማ ደወለች። አስፋልት ዳር ቤት የሚፈልግ የጥርስ ሐኪም ተገኝቷል፤ ቅዳሜ መጥታ አይታው ልታከራየው ነው። ክፍሎቹን አፍርሶ አንድ ያደርጋቸዋል። ጋሽ ግዛቸው ይህን ሊነግሩኝ ሲመጡ ቁጥር የሚለጥፉበትን ማስቲሽ እንደያዙ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸዋል።

«ልጅቷ ባለቤት ናት፤ መብቷ ነው» አሉኝ። «ግን መጀመሪያ ታየው። አንተም ና። ለብቻዬ አፌ ቢያያዝስ?»

ቅዳሜ ወለሉ በሰም ተወልውሎ ፊት ያሳያል። ጋሽ ግዛቸው ከረባት አድርገዋል። ሩሀማ ገና ከመኪና ስትወርድ «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፤ እዚህ ጋ ፈርሚ» አሏት። በአባቷ ቤት፣ በጎብኚ መዝገብ ላይ ፈረመች። ጃንጥላውን ልታነሳ ስትል «በዓይን ብቻ» አሏት። ታዘዘች። ወደ እኔ ዞር ስትል ሳቋን ይዛዋለች፤ ተስፋ አደረግሁ። ጠረጴዛው ጋ ደረስን፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡር ጋዜጠኛው በዚህ ወንበር ተቀምጠው...»

«ጋሽ ግዛቸው» አለች ሩሀማ ቀስ ብላ። «አባዬ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም እኮ።»

እኔ የማየው መሬት መሬት ነው።

«በወጣትነቱ ከብስክሌት ከወደቀ በኋላ ወገቡ መቼ ያስቀምጠው ነበር? እዚህ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፎ፣ በጀርባው ተንጋሎ እሱ ይናገራል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሚጽፉት እርስዎ ነበሩ። እኔ በሩ ጋ ቁጭ ብዬ እሰማችሁ ነበር። ነጠላ ሰረዝ የት ይግባ ብላችሁ ስትጨቃጨቁ ራታችን ይቀዘቅዝ ነበር።»

ጋሽ ግዛቸው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ፋይል ያላጠፉ ሰው፣ በሽምግልና ሐሰት ተገኘባቸው። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ያ ሰሌን ይነጠፍ የነበረበት ቦታ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበሯን እንዳንነካ እየተጠነቀቅን፣ ሁላችንም በጫማችን የቆምነው እዚያ ላይ ነበር።

«ፎቶው ላይ ወንበር ነው ያለው» አሉ በመጨረሻ። «የቻይናው ሰውዬ እንደ ሰው ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። የኛው መሬት ላይ ተንጋሎ ነበር ብዬ ለተማሪ ልንገር? ሳሙኤል ወገቡን መታመሙ እንዲወራበት አይፈልግም ነበር። ወገቡ ሥር የሚያደርገውን ትራስ እንኳ እንግዳ ሲመጣ አልጋው ሥር ነበር የምንከተው። ሰው ሞተ ተብሎ ገመናው ይወጣል እንዴ ልጄ?»

«ክቡር ጋዜጠኛው» ማለታቸውን ትተው «ሳሙኤል» ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

«ሰሌኑስ?» አለች።

ጋሽ ግዛቸው ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ተጠቅልሎ በሻሽ የታሰረ ሰሌን ታቅፈው ተመለሱ። ቁጥር አልተለጠፈበትም። «ይሄን አልመዘገብኩትም» አሉ። «የሱ ብቻ ሳይሆን የኔም ስለሆነ።»

ሩሀማ ጫማዋን አወለቀች። ሰሌኑን ዘረጋችና በዚያ በጥሩ ቀሚሷ ተንጋለለች። ጣሪያውን እያየች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። ጋሽ ግዛቸው ምን እንደሚያደርጉ ጨንቋቸው ቆሙ፤ ሰሌኑ ላይ የተንጋለለ ጎብኚ ምን እንደሚባል የትም አልተጻፈም።

«የጥርስ ሐኪሙ ሌላ ቤት ይፈልግ» አለች ሳትነሳ። «ግን ጋሽ ግዛቸው፣ እንደነበረው ይንገሩ። አባዬ ታሞም ነው የጻፈው። ያ ምኑ ነውር ነው?»

«እሺ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እሺ የሚል አይመስልም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከቱላ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ከመምህርታቸው ጋር መጡ። እኔም ሄድኩ፤ አሥራ አምስተኛዬ መሆኑ ነው። ሰሌኑ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ዙሪያውን ሲባጎ ተወጥሯል። ጋሽ ግዛቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው እውነቱን ተናገሩ፤ ወገቡን፣ ሰሌኑን፣ አልጋ ሥር ይደበቅ የነበረውን ትራስ ሳይቀር። ልጆቹ ሲስቁ አልሰማሁም። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እሳቸው ከተናገሩ የሚጽፈው ማን ነበር?»

«አንድ የሰፈር ሰው ነው» አሉ ጋሽ ግዛቸው። «ስሙ አልተመዘገበም።»

ሳሙናን ከነግማሽነቱ የመዘገቡ ሰው! ይህን ጊዜ ነው የገባኝ። ስድስት ዓመት በሲባጎ ያጠሩት የገዛ ወንበራቸውን ነው፤ እንዳይነካ የጠበቁት ግን የጓደኛቸውን ስም ነው። አሥራ አራት ጊዜ አፌን ዘግቼ ጎብኝቻለሁ፤ አሁን ግን አልቻልኩም።

«ስሙ ግዛቸው ይባላል» አልኩ። «ይኸው ፊታችሁ ቆሟል። እነዚያን ሁሉ ጽሑፎች በእጁ የጻፈው እሱ ነው። እኔ ጋሽ ሳሙኤልን አንብቤ ነው ጸሐፊ የሆንኩት፤ ያነበብኩት ግን የእሱ እጅ የጻፈውን ነው።»

ማክበሬን ረስቼ አንቱታውን እንደጣልኩ ያወቅሁት ኋላ ነው። ልጆቹ ዞረው አዩአቸው። ጋሽ ግዛቸው ተቆጥተው አፍጥጠው ተመለከቱኝ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ ቁጥር ሲታሰብ ይታየኛል። ከዚያ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ «ወደሚቀጥለው ክፍል እንለፍ» አሉና በጓሮ በር ወጡ። በጓሮ በኩል ክፍል የለም። ልጆቹ ግን ተሰልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ተከተሏቸው፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ።