የመንበሩ የመግቢያ ፈተና

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ከውስጤ ሳይጠፋ ልጻፈው። ሕልም እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እንዳየሁት አስቀምጠዋለሁ።

ባለቤቴ መንበሩ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያስጠና ሰው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ልጆችን ለማትሪክ ሲያዘጋጅ ኖሯል። ማታ ማታ ደግሞ ራት ከተነሳ በኋላ እኔን ያስጠናኛል፤ እኔ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። "ዘንድሮ ያንቺ ነው" ይለኝ ነበር በየዓመቱ። ፕሮባቢሊቲ የሚባለው ምዕራፍ ላይ እንደደረስን በኅዳር ሞተ። የቀረውን ብቻዬን አንብቤ፣ በግል ተፈታኝነት ተመዘገብኩ።

በሕልሜ በራችን ተንኳኳ። ስከፍተው መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አባቶችና እናቶች ዩኒፎርም ለብሰው፣ ቦርሳ አንግተው ይሮጣሉ፤ ልጆቻቸው በየደጁ ቆመው "ዛሬም ዜሮ ይዘህ ና፣ ታያለህ!" እያሉ ያስፈራራሉ። አንድ ጋሪ አለፈ። ፈረሱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጋዜጣ ያነባል፤ ባለጋሪው እያለከለከ ይጎትታል። ማንም ዞር ብሎ አላየም። እኔንም አልገረመኝም።

መንበሩ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሷል፤ ሱሪው አጥሮበት ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። ጺሙ ግን ያው ጺሙ ነው። እጁን የያዘችው እናቱ ናት። አማቴ በዚያ አገር ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

"ወላጅ ይዘህ ና ስላሉት ነው የመጣሁት" አለችኝ።

"ይግቡ እማማ።"

"አልገባም፤ ገመድ ዝላይ ላይ ተራዬ ደርሷል። ልጄን አደራ። ጎበዝ ነበር፤ እዚያ ከሄደ ወዲህ ግን ሁሉን ረሳ። የመግቢያ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።"

"የት ለመግባት?"

"ቤቱ ነዋ!" ብላ ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። "ካለፈ ይመለሳል።"

"ከወደቀስ?"

"እዚያው ይደግማል" አለችና እየዘለለች ሄደች።

መንበሩ ገብቶ በለመደው ወንበር ሊቀመጥ ሲል አስነሳሁት፤ የአስጠኚው ወንበር አሁን የእኔ ነበር። አንገቱ ሥር ገብቼ ማሽተት አማረኝ። ግን ፈተና ያለበት ሰው እንዴት ይታቀፋል?

"መጽሐፉን ክፈት" አልኩት።

"ቲቸር፣ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?"

ይህ ሰው ጥያቄ አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን የሚያውቅ ሰው ነበር። መጽሐፉን ቀና አደረግሁለት።

"ከረጢት ውስጥ ስምንት ኳስ አለ። አምስቱ ቀይ ናቸው፣ ሦስቱ ነጭ። ዐይንህን ጨፍነህ አንድ ብታወጣ ቀይ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?"

"እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደለም" አለኝ ተጨንቆ። "ከረጢቱ ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ኳሶቹ ናቸው ዐይናቸውን ጨፍነው የሚያወጡን።"

"እሺ፤ ከስምንት ሰው መካከል አንተን የማውጣታቸው ዕድል ስንት ነው?"

"ስምንት ብቻ? የኛ ከረጢት ሰፊ ነው፣ ቲቸር። ዳሩን ያየ የለም።"

ልቤ ፈራ፤ ፊቴን ግን ኮስተር አደረግሁ። ጠረጴዛውን በእርሳስ ኳ ኳ አድርጌ "ቀስ ብለን አንድ በአንድ እንሄዳለን፤ ያልገባህ ላይ ቁም፤ እዚህ ቤት ማፈር የለም" አልኩት። ድምፁ የእኔ ነው፤ አነጋገሩ ግን የእሱ ነበር። እሱ ለእኔ ያለኝን ሁሉ መልሼ ሰጠሁት።

ገባው። መጀመሪያ መደመር፣ ቀጥሎ ማካፈል፣ ቀጥሎ አምስት ስምንተኛ። አንዷን በሠራ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል፤ ልክ ነው ስለው ጆሮው ድረስ ይስቃል። የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፤ ስለዚህ ባጠናን ቁጥር ብዙ ጊዜ ይተርፈናል። ይህንን ሳውቅ ተንኮል ጀመርኩ። የገባውን ደግሜ ጠየቅሁት።

"ቲቸር፣ ይቺን እኮ ሠርቻታለሁ።"

"ድገማት።"

"ሦስት ጊዜ ሠራኋት!"

"አራተኛ ሥራት። ምን አስቸኮለህ? ማን ይጠብቅሃል?"

አቀርቅሮ አራተኛ ሠራት። ጸጉሩ መሐል ያለችውን ጠባሳ እያየሁ ተቀመጥኩ። እንዲህ ሆነን ብንቀር ግድ አልነበረኝም፤ እሱ ሲሠራ፣ እኔ ሳየው።

ደወል ተደወለ። ጠረጴዛችን ከነወንበሩ ሰፊ ሜዳ ላይ ሆነ። ሜዳው ዩኒፎርም በለበሱ ሙታን ተሞልቷል። በየፊታቸው አስጠኚያቸው ተቀምጧል። ፈታኙ መነጽር ያደረገ በሬ ነበር።

"መልካም ዕድል!" አለ በሬው ጉሮሮውን ጠርጎ። "መኮረጅ የተከበረ ነው። አልኮርጅም ያለ በራሱ ኃላፊነት! አስጠኚዎች፣ መልሱን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ!"

ሁላችንም የመልስ ወረቀታችንን ከፍ አደረግን። የሙታኑ አንገት እንደ ሰጎን ተመዘዘ። ከመንበሩ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን "ቀና አድርገው እንጂ፤ አራተኛው አልታየኝም!" ብለው ይቆጣሉ።

መንበሩ ብቻ ግራ እጁን ወረቀቱ ላይ ከልሎ አጎነበሰ።

አመሉን መርሳቴ። በሕይወት ሳለ አንድ ሀብታም አባት "ከልጄ ጎን ተቀምጠህ ተፈተንልኝ" ሲለው፣ የጀመረውን ሻይ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነው። እሱ ግን ይህንን አልረሳም። መደመርን ረስቶ ይህንን አልረሳም!

"መንበሩ፣ ቀና በል" አልኩት።

"እየሠራሁ ነው፣ ቲቸር።"

ተንጠራርቼ ወረቀቱን አየሁ። የሠራው ሁሉ ልክ ነው፤ ኮራሁበት። ወዲያው ግን ስህተቱን አየሁ። ሰባተኛው ጥያቄ ከብዶት ዘሎታል፤ በመልስ ወረቀቱ ላይ ግን ሰባተኛውን መስመር አልዘለለም። የስምንትን መልስ ሰባት ላይ፣ የዘጠኝን ስምንት ላይ እያጠቆረ እስከ ታች ወርዷል። መልሱ ሁሉ ትክክል፣ ከሰባት ጀምሮ ቦታው ሁሉ ስህተት። መንበሩ ለማንኛውም ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ይህንን ነበር፦ ከምታጠቁሩት መስመር ሥር ማስመሪያ አድርጉ፤ ስንቱ ጎበዝ በአንድ መስመር ገደል ገባ ይል ነበር። እኔ ይህንን ማስተማር ረሳሁ። አምስት ስምንተኛን አራት ጊዜ አስደግሜው፣ ይህንን አንዴም አልነገርኩትም።

"ሰባትን ዘለሃል! መስመሩን ስተሃል! ኮርጅ!"

እሱ ማጥቆሩን ቀጠለ።

"ኮርጅ! በእናትህ ኮርጅ! ቤትህ ግባልኝ!"

ቀና አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ያኔ ብቻ ቲቸር አላለኝም።

"ትርንጎ፣ እኔ የሰው ወረቀት አላይም። አንቺ የራስሽን ሥሪ።"

መልሶ አቀረቀረ። በሬው ወረቀቱን በቀንዱ እየወጋ እየሰበሰበ ወደኛ መጣ። እኔ ተስፈንጥሬ የመንበሩን እጅጌ ያዝኩ። ጨበጥኩት፣ ሳብኩት፣ አልለቅም አልኩ።

የያዝኩት ብርድ ልብሱን ነበር።

ነግቷል። ያለሁት ለፈተናው ባመጡን ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ነው። ክፍሉን የሚጋሩኝ አምስት ልጃገረዶች አልጋዬን ከበው ቆመዋል። በሩ ላይ ተቆጣጣሪዋ የተፈታኞችን ዝርዝር ይዛ ቆማለች።

"እትዬ ትርንጎ፣ ስትጮኺ እኮ ነው ያደርሽው" አለችኝ የላይኛው አልጋ ልጅ በሹክሹክታ። "ጥበቃው ሰምቶ ተቆጣጣሪዋን ጠራብን።"

ተቆጣጣሪዋ ገባች። "እናቴ፣ ስልክ ይዘው ገብተዋል እንዴ? ማንን ነው ኮርጅ የሚሉት?"

"ባሌን" አልኳት።

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"እሱም ተፈታኝ ነው?"

እንቅልፉ ይሁን ሌላ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "አዎ" አልኩ።

"ስሙን ይንገሩኝ።"

"መንበሩ ይግዛው።"

ዝርዝሩን ገልጣ፣ ጣቷን የመጀመሪያው ስም ላይ አሳርፋ ወደ ታች ማውረድ ጀመረች። እኔም አልጋዬ ላይ ቀና ብዬ፣ ጣቷ ግርጌው እስኪደርስ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።