ጓድ ዘገዬ ቢራ ያቀዘቀዙ ለት

«ችግር የለም» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተፈጠረም። ጣሪያው ያፈሳል፤ ችግር የለም። መኪናው ፍሬን የለውም፤ ችግር የለም። የወለንጪቲው ጤና ጣቢያም ከዚህ በረከት ድርሻውን አግኝቶ ነበር፦ የንብረት ክፍል ኃላፊውን፣ ክቡር ጓድ ዘገዬን።

ከታቢዋ ሲስተር ዲንቄ እኚህን ሰው ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። አንሶላ ሲጠፋ፣ «ችግር የለም፣ ጋዜጣ ይነጠፋል።» የመርፌ መቀቀያው ሲበሳ፣ «ችግር የለም፣ በሊጥ ይደፈናል።» ከሁሉ የሚያናድዳት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወዳቸው መሆኑ ነው። ገበያ ከወጡ ሽንኩርት ቸርቻሪዋም አህያ ነጂውም «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ሳይላቸው አያልፍም። እሷን ሲያዩ ግን እናቶች ልጃቸውን አዝለው በጓሮ ይሾልካሉ።

በዚያ ግንቦት ኩፍኝ ከከተማው ዳር ካለች መንደር ሁለት ሕፃናት ገደለ። ዲንቄ ከናዝሬት ክትባት አስመጣች፤ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ አስለፈፈች። ሐሙስ ጠዋት ግቢው በእናቶች ሞላ። የላምባ ፍሪጁን ብትከፍት ሁለት ሳጥን ቢራ ተደርድሮበታል። የክትባት ብልቃጦቹ መስኮት ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏል ይህ ነው።

«ትናንት ከሰዓት ነው ያወጣኋቸው» አሉ ጓድ ዘገዬ። «ካድሬዎች ይመጣሉ ተባለ። ችግር የለም ሲስተር፣ አሁን መልሰሽ ብታስገቢያቸው…»

«ሞቷል እኮ!»

«ማን?»

«ክትባቱ! የተዳከመ በሽታ ነው የምንወጋቸው። ሰውነት አስቀድሞ አይቶት፣ ዋናው ሲመጣ አውቆ እንዲመታው። ሌባውን ቀድሞ ለውሻ እንደማስሸተት ነው። ሙቀት ከመታው ምኑን ያሸታል? ባዶ ውሃ ልውጋቸው? እናቲቱ ልጄ ተከትቧል ብላ ተዝናንታ ትቀመጣለች፤ ኩፍኙ መጥቶ ይወስድባታል!»

«ለሪፖርቱ ያህል እንኳ…»

ይሄኔ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ጠፋ። «ሪፖርትህን ቅበረው!»

ብልቃጦቹን በእናቶቹ ፊት ጉድጓድ ከተተችና ሰኞ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። መንታ ልጆች ያሏት ጫልቱ አንዱን እንዳዘለች፣ ሌላውን እንዳቀፈች ተነሣች። «ሁለት ሰዓት በእግሬ መጥቻለሁ። ደግሜ አልመጣም» ብላ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ዲንቄ አለቀሰች። አንዴ የተመለሰች እናት እንደማትመጣ፣ ኩፍኝ ደግሞ ሰኞን እንደማይጠብቅ ታውቃለች።

ጓድ ዘገዬ ያኑ ቀን የበረዶ ሳጥኑን አንስተው ናዝሬት በሚሄድ የቲማቲም ሎንችና ተሳፈሩ። ዓርብ አዲስ ክትባት ይዘው ተመለሱ። ዲንቄ ቴርሞሜትሩን አየች እንጂ ፊታቸውን አላየችም። «ማን ሊከተብበት ነው?» ብላ በሩን ዘጋችባቸው።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ከሐሙሱ ይበልጥ ሞልቶ አገኘችው። ከፊት ጫልቱ ቆማለች።

«አልመጣም አላልሽም?»

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ? ጋሽ ዘገዬ ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰነበቱ። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሲስተሯ ግን ልጆችሽን ከባዶ መርፌ አድናቸዋለች› ብለው በሬ ላይ ቆመው ለመኑኝ። እምቢ እንዴት እላለሁ?»

ዲንቄ ወጋች። ቀኑን ሙሉ ስትወጋ ዋለች፤ ቀኑን ሙሉም እንደተናደደች ዋለች፤ አሁን ግን በራሷ ላይ ነበር። አምስት ዓመት እነዚህን እናቶች በጩኸት ስታባርር ኖራለች።

የመጨረሻዋ እናት ስትወጣ ጓድ ዘገዬን አግዳሚው ላይ አየቻቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ተረከዛቸው ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ሳሙናና ጥጥ አምጥታ ከፊታቸው ተንበረከከች።

«ሽማግሌ ሰው በዚህ ሐሩር፣ ካልሲ እንኳ ሳያጠልቅ!» እያለች፣ እየጮኸችባቸው እግራቸውን አጠበችላቸው።