የጄት ሞተሩን ሣጥን ማን ይክፈተው በሚል ስለተደረገው ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ምረቃው አራት ቀን ሲቀረው
ቦታ፦ የምህንድስና ኮሌጁ ስብሰባ ክፍል
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ በ3፡50 ተጀመረ
የተገኙ፦ ዲኑ (ሰብሳቢ)፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ የሞተር መምህሩ፣ ከአውሮፕላን ጥገና ድርጅት የተላኩት ዋና መካኒክ
ያልተገኘች፦ የተማሪዎች ተወካይ። ግቢ ውስጥ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብላ እንደምትጠብቅ አሳውቃለች።
ጸሐፊ፦ የወርክሾፑ ቴክኒሻን፣ ያለ ድምፅ

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ትምህርቱን ከአቪዬሽን ኢንዱስትሪው ጋር ስለማስተሳሰር

መካኒኳ ድርጅታቸው ሞተሩን ያዋሰው ተማሪዎች ፈተው እንዲገጥሙት መሆኑን፣ ሣጥኑ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት መክረሙን፣ ዛሬ 6፡00 ላይ የጭነት መኪናው መልሶ እንደሚወስደው ገለጹ። ልጆቹ ሞተር በእጃቸው ሳይነኩ ሊመረቁ መሆኑንም አከሉ።

የንብረት ኃላፊው ያልተመዘገበ ንብረት እንደማይከፈት አስረዱ። ለምን አልተመዘገበም ተብለው ሲጠየቁ፣ ያልተከፈተ ሣጥን ውስጡ ስለማይታወቅ እንደማይመዘገብ በትዕግሥት መለሱ። ጸሐፊው በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ አስደግሞ ጻፈው።

መምህሩ ሞተርን ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስለው ሲያስተምሩ አንድም ተማሪ እንዳልተጎዳ ለቤቱ አስታወሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
1.1 ሣጥኑን ሳይከፍት ውስጡን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣
1.2 ተማሪዎች በሣጥኑ ዙሪያ ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲዞሩና የተግባር ልምምድ ተብሎ እንዲያዝላቸው ተወሰነ።

መካኒኳ የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። ለቃለ ጉባኤ ስለማይመች አልተጻፈም።

አጀንዳ 2፦ ከግቢው ስለተሰማው የመዶሻ ድምፅ

በ5፡10 የተማሪዎች ተወካይ እጇ በግሪስ ጠቁሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ሣጥኑን ከፍተን የሞተሩን የፊት ክዳን አውርደነዋል። የአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ግን አጣን» አለች።

ዲኑ መሣሪያ ከየት እንደመጣ ጠየቁ። ጸሐፊው የወርክሾፑን ቁልፍ ጠዋት ልጅቷ መዳፍ ላይ ረስቶት እንደመጣ አመነ። አለመጸጸቱ እንዲመዘገብለት ጠይቆ ራሱ መዘገበው።

የንብረት ኃላፊው ሣጥኑ በመከፈቱ አሁን መመዝገብ እንደሚቻል አብሥረው መዝገባቸውን ይዘው ሮጡ። ጉባኤውም ተከትሏቸው ወጣ።

በግቢው ውስጥ የተላለፈ ውሳኔ፦ 1.1 እና 1.2 ተሽረዋል፤ ንዑስ ኮሚቴው ሳይቋቋም ፈርሷል። መካኒኳ መኪናው ዛሬ ቀርቶ ዓርብ እንዲመጣ በስልክ አዘዙ።

መምህሩ የሞተሩን ማራገቢያ በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ቀኝ ሲዞር አዩ።

«እኔ ስስለው ወደ ግራ ነበር የሚዞረው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው ለጸሐፊው አስያዙት።

ስብሰባው በ5፡40 ተበተነ። ሰብሳቢው እየተፈታ ያለውን የሞተሩን የጎን ክዳን በሁለት እጃቸው ደግፈው ስለያዙ ይህ ቃለ ጉባኤ አልተፈረመም።