ጋሽ ድልድይ ያላሻገሩት ነገር

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ የሚያመው ሰው አለ። ታውቁታላችሁ። ሊፍት ውስጥ ዝም ብላችሁ ጣሪያ ጣሪያውን ስታዩ "እናንተ አትተዋወቁም እንዴ?" ይላል። አራተኛ ፎቅ ሳትደርሱ የዚያ የማታውቁት ሰው አጎትና የእናንተ አክስት አንድ ክፍል መማራቸው ተነግሯችሁ ትወርዳላችሁ። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማምለጥ አይቻልም። ብታመልጡም እሱ የሚያውቀው ሰው ያገኛችኋል።

የእኛው ጋሽ ድልድይ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለውት ስልክ ሲያነሱ ሁሉ "ድልድይ ነኝ" ይላሉ። ካርቶን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ እኔ እዚያው የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ክቡርነታቸው ሰው ማስተዋወቅ አልበቃ ብሏቸው ያለፈውን ዓመት ኮምፒውተሮቹን ሲያስተዋውቁ ከረሙ።

ነገሩ ደስ ስለሚለኝ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ፋብሪካችን የሠራተኛ ጉዳይ የሚይዝ አዲስ ሶፍትዌር ገዛ። "ክላውድ ላይ ነው" ተባለ። ይህም ማለት መረጃው የሚቀመጠው እኛ ግቢ ሳይሆን በሻጩ ድርጅት ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ እኛ በኢንተርኔት ገብተን እንጠቀምበታለን። የተቀጠረው፣ ያገባው፣ የተዛወረው፣ የታመመው ሁሉ እዚያ ይመዘገባል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ደመወዝ የሚሠራው ፕሮግራም ሌላ ነው፤ በሩን በካርድ የሚከፍተው ሌላ ነው፤ ፈረቃ የሚደለድለውም ሌላ። አራቱም ለአንድ ፋብሪካ እየሠሩ ሰላም አይባባሉም ነበር።

ይህ ምን እንደሚያስከትል አንድ የሕትመት ክፍል ሠራተኛ በደንብ ያውቀዋል። ሰውየው ወደ መጋዘን ተዛወረ። ዝውውሩን የሠራተኛ ጉዳይ ያውቃል። የበሩ ፕሮግራም ግን አልሰማምና ካርዱ መጋዘኑን አይከፍትለትም። የፈረቃው ፕሮግራምም አልሰማምና ሕትመት ክፍል ቀሪ እያለ ይጽፍበታል። እንግዲህ በአንዱ ተዛውሯል፣ በሌላው ከሥራ ቀርቷል፣ በእውነቱ ደግሞ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ የሚከፍትለት ሰው ይጠብቃል።

"የማንም ጥፋት አይደለም" አሉ ጋሽ ድልድይ፣ በራሳቸው ካርድ ሊያስገቡት እየሄዱ። "የሚያስተዋውቃቸው አጥተው ነው።"

አስተዋወቋቸው። ሥራው ግን ከውጭ ሲታይ እንደሚመስለው አንዱን ከሌላው ጋር ቀጣጥሎ መሄድ አይደለም። እኔም የገባኝ በምሳ ሰዓት ነው። ጋሽ ድልድይ ሲያስረዱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ይወርሳሉ፤ የጨው ዕቃው ደመወዝ ነው፣ የሶስ ጠርሙሱ በር ነው፣ የውሃው ጆግ የሠራተኛ ጉዳይ፣ ካልተጠነቀቃችሁ ደግሞ የእናንተ ሳህን ፈረቃ ይሆናል። ብዙው ሰው ትሪ ይዘው ሲመጡ ሲያይ ሳህኑን አቅፎ ይነሳል።

"አየሽ" ይሉኛል፣ "ጆጉ ያለውን ሁሉ አይዘረግፍም። እያንዳንዷን ነገር ለብቻዋ ትጠይቂያለሽ። ይቺ ለጨው ምኑ ናት? ለበሩስ ምኑ ናት? ለምሳሌ ደመወዝሽ ለበሩ ምኑም አይደለም። እና አይሻገርም።"

ለሙከራ የእውነት ሰው አይነኩም። "ምስኪኑ" የሚሉት አንድ የፈጠሩት ሠራተኛ አላቸው። ምስኪኑ ጠዋት ይቀጠራል፣ ረፋዱ ላይ ያገባል፣ ከምሳ በኋላ መንታ ይወልዳል፣ ማምሻውን ይባረራል፤ በማግስቱ የመምሪያ ኃላፊ ሆኖ ይመጣል። አንድ ቀን ፊታቸው ጠቁሮ አገኘኋቸው።

"ምነው ጋሼ?"

"ምስኪኑን ጡረታ አወጣሁት። በሩ ግን አሁንም ያስገባዋል።"

አጠገባችን የነበረችው የሂሳብ ሹም "ታዲያ ይግባ፣ ቤት ውሎ ምን ያደርጋል" አለች። አልሳቁም። እስኪስተካከል ድረስ ቆሎ እንኳ አልቀመሱም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉዳይ ማንሳቴ ግድ ነው። ካቻምና ታምሜ ረዘም ላለ ጊዜ ከሥራ ርቄ ነበር። ሕመሙ ምን እንደነበር የሚያውቁት ሐኪሜ፣ ባለቤቴና የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ብቻ ናቸው፤ እዚህም አልጽፈውም። ድኛለሁ። ግን ስሙ ሲጠራ የሰው ፊት ከሚለዋወጥባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ጋሽ ድልድይ ሥራቸውን በሚጨርሱበት ሰሞን ደግሞ ለአዲሱ የማምረቻ መስመር የፈረቃ መሪ ሊመረጥ ነው፤ መራጩ የምርት ኃላፊው፣ ከዕጩዎቹ አንዷ እኔ።

የምርት ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ አንዲት የማሽን ሠራተኛ ሕመሟን በቅንነት ብትነግረው፣ "እንዳትደክሚ" ብሎ በማግስቱ ካርቶን ላይ ምልክት የሚለጠፍበት ጥግ አስቀመጣት። እስካሁን እዚያው ናት። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካችን ውስጥ ከጉንፋን በቀር ሌላ በሽታ ጠፍቷል።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ ጋሽ ድልድይ አራቱ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚነጋገሩ በስክሪን አሳዩን። ሥራ አስኪያጇ ጭንቅላቷን በአድናቆት ነቀነቀች። የምርት ኃላፊው ግን እስክሪብቶውን አነሳ።

"ጋሽ ድልድይ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ሰው ሲቀር እኔ ጋ 'ፈቃድ ላይ' ብቻ ነው የሚለው። ምን ሆኖ እንደቀረ ሠራተኛ ጉዳይ ተጽፏል አይደል? እሱም ይምጣልኝ። የድሮውም ጭምር።"

የድሮው ሲል የእኔም እዚያ ውስጥ ነው። ጋሽ ድልድይ የተጠየቁትን ግንኙነት እምቢ ብለው አያውቁም።

"ይቻላል?" አለች ሥራ አስኪያጇ።

"ይቻላል።"

"ብዙ ጊዜ ይወስዳል?"

"ይቺ ሻይ ሳትቀዘቅዝ ያልቃል።" ሻዩን አንስተው ፉት አሉ። "ግን አላደርገውም።"

የምርት ኃላፊው የተቀለደበት መስሎት ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታውን ሰበሰበ።

"ለምን?"

"ፈረቃ ለመደልደል ማወቅ ያለብዎት ሰውየው መኖር አለመኖሩን፣ ከሌለም መቼ እንደሚመለስ ነው። ሁለቱም በየሰዓቱ ይደርስዎታል። ምን እንዳመመው ግን ለፈረቃ ምኑም አይደለም።"

"ሥራዬን እያስተማሩኝ ነው?"

"የኔን ሥራ ነው የምነግርዎት።"

ሥራ አስኪያጇ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከደነች። "እንዳለ ይሁን" አለች። የምርት ኃላፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ድልድይን ሰላም አይልም። ሁሉን ለሚያስተዋውቅ ሰው ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም፤ ሊፍት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ጋሽ ድልድይ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው የፎቅ ቁልፎቹን ያነባሉ።

የፈረቃ መሪው ስም የተለጠፈ ዕለት፣ ስሙ የኔ ነበር። የምርት ኃላፊው እጄን ጨብጦ "እኔ የምፈልገው እንዳንቺ ጠንካራ ሰው ነው" አለኝ። አመሰገንኩና ቀጥታ ወደ ምሳ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ድልድይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ 'ፕሮግራሙ አይችልም' ቢሉኮ ማንም አይከራከርዎትም ነበር። መኳረፍም አይመጣም።"

"ይችላላ" አሉ፣ ቅር ብሏቸው። "የሚችለውን አይችልም ብዬ ስሙን ላጥፋ?"

"ይሻገሩ ከነበሩት አንዱ የኔ ሕመም ነበር።"

"አልጠየቅኩሽም።"

"አላዩትም?"

"በምስኪኑ ነው የሞከርኩት። ለሱ የጥርስ ሕመም ነው የሰጠሁት።"

ነገርኳቸው። በራሴ አፍ፣ ከነስሙ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ። ሹካቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ ዓይናቸው ሲበራ አየሁ። ያንን ብርሃን አውቀዋለሁ፤ ያው በሽታ ይዞት የዳነ ሰው ያውቃሉ ማለት ነው፤ ምናልባት እዚሁ ፋብሪካ ውስጥ፣ ምናልባት እዚሁ ምሳ ቤት። አፋቸው ተከፈተ። ስሙ ምላሳቸው ጫፍ ደርሷል። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙና ዋጡት። ምን ያህል እንደከበዳቸው ከጉሮሯቸው አየሁ፤ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው፣ ጠጡበት።

"ብዪ እንጂ" አሉኝ፣ ብርጭቆውን እያስቀመጡ። "ፈረቃሽ ሊገባ ነው።"