ታሞ የዳነ ገላ

መቼም እንደ ሰው ያለ ዝንጉ ፍጥረት የለም። ትናንት ያስታመመንን ጎረቤት ዛሬ መንገድ ላይ እንዳላየን ሆነን እናልፋለን። ገላችን ግን ቂመኛ ነው፤ አንዴ የጣለውን በሽታ መልኩን ይዞ ይጠብቀዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ ተንዘፍዝፌ ነው የተማርኩት።

ኮሮና የያዘኝ ቃሊቲ፣ ዕቃ ከማስረክብበት መጋዘን ነው። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ባለቤቴ ዘነበች ምግቡን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ እንድትመለስ አዘዝኩ። የት ሰምታኝ! ትኩሳቱ ሲብስብኝ አፏን ሸፍና እየገባች በማንኪያ ውሃ ታጠጣኝ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ዳንኩ። እሷን ደግሞ ጭራሽ አልነካትም። «ሚስቴን ያተረፋት የእኔ ጥንቃቄ ነው» እያልኩ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያልደሰኮርኩለት ሰው የለም።

ክትባቱ የመጣ ጊዜ «እንከተብ» ብዬ ጎትቼ ወሰድኳት። በማግስቱ ሁለታችንም በትኩሳት ነደድን። የእኔስ ይሁን፤ ያን ያህል የተጠነቀቅኩላትን ሴት በገዛ እጄ አስይዣት ይሆን? እየደገፍኳት ጤና ጣቢያ ደረስን።

ነርሷ መረመረችንና ፈገግ አለች።

«አይዞዎት ጋሼ፣ በሽታው አልተመለሰም። ክትባቱ የበሽታውን መልክ ብቻ ነው የሚያሳየው። ታሞ የዳነ ገላ ያን መልክ ሲያይ ‹አውቅሃለሁ!› ብሎ ገና በመጀመሪያው መርፌ ይነሳል። ከበፊቱም የበረታ መከላከያ ያበጃል፤ ትኩሳቱም ከዚያ የመጣ ነው።»

አቤት የፈጣሪ ጥበብ! የልጆቹን የልደት ቀን የሚያምታታ ሰው ውስጥ እንዲህ ያለ አስታዋሽ ተቀምጧል? ክንዴን እንደ እንግዳ ዕቃ አገላብጬ አየሁት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«እሷ እኮ አልታመመችም!» አልኩ።

«ያልታመመም ሊያተኩሰው ይችላል» አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ወደ ዘነበች መልሳ። ዘነበች አቀረቀረች።

ደጅ ታክሲ ስንጠብቅ ጠየቅኳት።

«ታምሜ ነበር» አለችኝ፣ አስፋልቱን እያየች። «አንተ በተኛህ በአራተኛው ቀን ነው የጀመረኝ። ሽታ ጠፋኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እኔም ከተኛሁ፣ ውሃ ማን ያጠጣሃል?»

እጇን ያዝኩት፤ ገና ያተኩሳል።